ከእንሰቱ መሀል ያበበው

እኔ ጅን ምናምን ሲባል ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ዛሬም የምነግራችሁ አምኜ ሳይሆን ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ ነው። ቡታጅራ አስፋልት ዳር የአበባ ችግኝ እሸጣለሁ፣ ቡገንቪሊያ በሉት ጽጌረዳ፣ የማላውቀው አበባ የለም ብዬ የምኩራራ ሰው ነበርኩ፣ እመኑኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ዘይነባ ደወለች። «የሐያት አባት፣ ድረስልኝ! ልጅቷ አረፋ ደፈቀች፣ ሆስፒታል ይዣት እየሄድኩ ነው!» ሐያት አንድ ልጃችን ናት፣ ገና ትንሽ። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ ጭብጧን ፈልቅቆ ጠርዙ ቢጫ የሆነ ቀይ የአበባ ቁራጭ አወጣና ሳህን ላይ አደረገው። አገላብጬ አየሁት፣ አላወቅኩትም! እኔ!

«አባት፣ ተክሉን ያምጡልኝ። ምን እንደበላች ሳላውቅ ምን ልስጣት?»

በባጃጅ በረርኩ። ግቢው ውስጥ እንዲህ ያለ አበባ የለም፣ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ጓሮ ያለው እንሰት ብቻ ነው፣ እኔው ራሴ ያፈላሁት፤ መቼም የእንሰቱን አሚቾ፣ ያን ድንች መሳይ ሥሩን፣ ከመሬት አውጥተን፣ መሀሉን ፈልፍለን ስንቀብረው ብዙ ችግኝ ይሰጠናል፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ከነሱ መሀል አንዱ፣ በስመላህ፣ እንደ ዶሮ አፍ የሾለ ቀይ አበባ ቁልቁል አንጠልጥሏል! ሙሉውን ሳየው ነው የለየሁት፣ ሄሊኮኒያ የሚሉት የሞቃት አገር አበባ ነው፣ በስልክ ብቻ አይቼዋለሁ፣ ቅጠሉም እንሰት ይመስላል። ግን ከእንሰት አሚቾ ሄሊኮኒያ ይወለዳል እንዴ?

ቢላዋ ሳነሳ ከቅጠሉ ጀርባ ሸርር፣ ሸርር የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ የሚሰማው ዓይነት። ጎረቤታችን መሰለችኝ፤ «እትዬ ዘምዘም?» አልኩ። ድምፁ ቀጥ አለ። ዞሬ ባይ ማንም የለም። ፀጉሬ ቆመ፣ ግን ልጄ እየሞተችብኝ ነው፣ ቆርጬ በጃኬቴ ጠቅልዬ ሮጥኩ።

ሐኪሙ ፊት ስፈታው አረንጓዴ ኮባ ብቻ!

«በልጅዎ ነፍስ ይቀልዳሉ?»

እግሩ ላይ ወደቅኩ። «ወላሂ ዶክተር፣ ቀይ ነበር! እርስዎም አይተውታል እኮ!»

ወደ ሳህኑ ዞረ። ከእጇ ያወጣው ቁራጭም የኮባ ቅዳጅ ሆኗል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፣ ሳህኑን በጨርቅ ሸፈነው።

ግሉኮስ ተሰካላት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ማታ ላይ ዓይኗን ገለጠች።

«ማን ሰጠሽ የኔ እናት?»

«ሴትዮዋ።»

«የቷ ሴትዮ?»

«የምትፍቀዋ። ሌላም እሰጥሻለሁ ብላኛለች።»

በማግስቱ እንሰቱን በሙሉ ነቀልኩት። ሰፈርተኛው «እንሰቱን የሚነቅል ጉራጌ አይተን አናውቅም፣ ይሄ ሰውዬ ለየለት» አለ፣ ይበል። ጓሮው አሁን ባዶ መሬት ነው። ሐያት ግን ከሰዓት በኋላ ሲሆን የጓሮውን በር ትከፍትና መዳፏን ዘርግታ ትቆማለች። በሩን ብቆልፈው ራሷን እስክትስት ታለቅሳለች። እኔም ከኋላዋ ወገቧን አጥብቄ ይዤ አብሬያት እቆማለሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ? እስቲ ንገሩኝ።