ጭነት አያድግም

«አንዱ ረዝሞብሃል እኮ። ጠማማ ነው የሰፋኸው።»

እናቷ ይህን ያለችው እየሳቀች ነበር፤ በዚህ ድንቢጥ እርግጠኛ ናት። አባቷ ምን ብሎ እንደ መለሰ ግን ትዝ አይላትም። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች። ተኝታለች ተብላ፣ ሳትተኛ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና ታዳምጥ ነበር። ወፍራሙ መርፌ ሸራውን ሲበሳው ጠቅ ሲል ይሰማታል። የአባቷ ቀስ ያለ ድምፅ ይሰማታል። ከንግግሩ በጆሮዋ የቀረው «ጭነት» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። የቀረውን እንቅልፍ ወሰደው።

አባቷ የጭነት መኪና ሸራ ሰፊ ነበር። ያን ሌሊት ከትርፍራፊ ሸራ የሰፋው ዘንቢል አሁን ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ሆስፒታል የገባ ዕለት እናቷ ፎጣና የሌሊት ልብስ ጨምራበት ሄደች። በመጨረሻው ቀን የሱን ሸሚዝና ሱሪ ይዛበት ተመለሰች። እንዳለ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም፤ እናቷም ከዚያ ወዲህ ከግቢው በር አልወጣችም።

«ዘንቢል ይዘሽ ነይ ብዬሽ አልነበር?» አላት ባለሱቁ። «ፌስታል ድሮ ቀረ፣ የኔ ልጅ። ከተገኘብኝ ሱቄን ያሽጉታል።»

«ረሳሁት» አለች ድንቢጥ።

አልረሳችውም። ባለሱቁም እንዳልረሳችው የገባው ይመስላል፤ ድንቹን፣ ሽንኩርቱንና ዱቄቱን በካኪ ወረቀት ከረጢት ከተተላት። «ከሥሩ ደግፈሽ ያዢው። ሰማዩ ጠቁሯል» አለ።

ከውጪ የክፍል ጓደኛዋ ትጠብቃታለች። አፏ ስለማያርፍ ትምህርት ቤቱ ሁሉ «ሬዲዮ» ይላታል። በትከሻዋ የሱፍ አበባ የታተመበት የጨርቅ ቦርሳ አንግታለች።

«አንቺ ግን ምን ሆነሽ ነው በወረቀት የምትሸከሚው? እዪው ይሄን። ፏ ያለ ነው፤ ደግሞ ታጥፎ ኪስ ይገባል። እኛ ቤት ሌላ አለ፣ ነገ ላምጣልሽ?»

«እኛም ቤት አለን።»

«ታዲያ የታለ?»

ድንቢጥ ከረጢቱን ከሥሩ ደግፋ መንገድ ጀመረች። መንገዱን ሳያጋምሱ ዝናቡ ወረደ። ሮጡ። ከረጢቱ መጀመሪያ ለሰለሰ፣ ቀጥሎ ከሥሩ ተከፈተ። ድንቹ ወደ ቦዩ ተንከባለለ። ዱቄቱ መሐል አስፋልት ወድቆ ፈነዳ፤ አንድ ታክሲም ሳያየው በላዩ ሄደበት። ነጭ ጭቃ ሆኖ ቀረ።

ሬዲዮ ከቦዩ ዳር ተንበርክካ ድንቹን እየለቀመች አቀበለቻት። ድንቢጥም ሹራቧን አውልቃ እንደ አቅማዳ ቋጠረችበት።

«እናትሽ ግን መቼ ነው የምትወጣው?» አለች ሬዲዮ ቀና ሳትል። «ሰፈሩ እኮ...»

«ሰፈሩ ምን?»

«ተይው።»

«ሬዲዮ፣ ከጀመርሽ ጨርሺው።»

«ባሏን ተከትላ ልትሄድ ነው ይላሉ።» ይህን ብላ ወዲያው ደነገጠች። «እኔ አይደለሁም ያልኩት። አቦ ይቅርታ። ቦርሳውን ነገ አመጣልሻለሁ፣ እሺ?»

ድንቢጥ የተቋጠረውን ሹራብ አቅፋ መንገዷን ቀጠለች። ሰፈሩ ያለውን እሷም በየማታው ታስበው ነበር። እናቷ ሁለት ጉርሻ ትጎርስና «በቃኝ» ትላለች፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ቀስ በቀስ፣ ማንንም ሳታስቸግር፣ እየሄደች ነበር።

ቤት ስትገባ እናቷ እንደ ተለመደው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

«መጣሽ?»

«መጣሁ።»

«ዱቄቱ?»

«መንገድ ላይ ፈሰሰ።»

ድንቢጥ ቆማ ጠበቀች። ድሮ ቢሆን ኖሮ «እጅሽ ቅቤ ነው እንዴ?» ትባል ነበር፤ አንድ ሙሉ ሰዓት ትሰደብ ነበር። ዛሬ ያ ስድብ አማራት። እናቷ ግን ፊቷን ከግድግዳው አላዞረችም። የዝናቡ ውሃ ከልጅቷ ቀሚስ ጫፍ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

ወደ በሩ ዞረች። የሬዲዮን ቦርሳ ብትቀበል ሁሉም ነገር ይቀላል። ባለሱቁ አይቆጣም፣ ድንቹ ቦይ አይገባም፣ ዘንቢሉም ከነልብሱ ተሰቅሎ ይኖራል። እናቷም እንዲሁ ተኝታ ትኖራለች። እስከ መቼ?

እጇን ታጠበች፤ ለምን እንደሆነ አላወቀችም፣ ብቻ በጭቃ እጅ መንካት ከበዳት። «አቤቱ እርዳኝ» አለች በልቧ። ዘንቢሉን ከሚስማሩ አወረደችው። ሸራው ደርቆ ስለነበር ተንኮሻኮሸ።

«ምን እየነካሽ ነው?» አለች እናቷ።

«ዘንቢሉን።»

«መልሺው።»

ድንቢጥ ሸሚዙን አወጣች፤ ሱሪውንም። ከሸሚዙ ኪስ አንዲት ቁራጭ ቆዳ ወደቀች፤ አባቷ መርፌ ሲገፋ መዳፉ ላይ የሚያስራት፣ መሐሏ በመርፌ ቂጥ የተበሳሳ። እሷን ይዞ ነው ሆስፒታል የገባው። ድኖ በቀጥታ ወደ ሥራው ሊሄድ አስቦ መሆን አለበት።

«መልሺው አልኩሽ።»

«አልመልሰውም፣ እማዬ።» ሱሪውን ማጠፍ ጀመረች። «አጥፌ አልጋሽ ላይ አስቀምጥልሻለሁ። አልጥለውም።»

እናቷ ተነሳች። ተነስታ ቁጭ ለማለት እንኳ ጊዜ ፈጀባት። ልጅቷ የምትመታት መስሏት ዓይኗን ጨፈነች። እናቷ ግን ሸሚዙን ወስዳ ፊቷ ላይ አደረገችው፤ እንደዚያ እንዳደረገችው ብዙ ቆየች።

«የሱ ጠረን የለውም» አለች በመጨረሻ። «የሆስፒታል ሳሙና ነው የሚሸተው። የሰቀልኩት ዕለትም ይኸው ነበር።»

«ታዲያ ለምን...?»

«እንጃ። ካላወጣሁት ጠረኑ ሊኖረው ይችላል ብዬ ነው።»

ድንቢጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ቀሚሷ እርጥብ መሆኑን እናቷ አላየችም፣ ወይም አይታ ተወቻት።

«እማዬ፣ ይሄን የሰፋ ሌሊት ‹ጠማማ ነው› ብለሽው ነበር። ምን ብሎ መለሰልሽ?»

«ሰምተሻል?» እናቷ ቀና አለች። «ተኝታለች ብለን ነው እኮ ያወራነው። አንቺ ልጅ፣ ጆሮሽ መቼም አይተኛም።»

«‹ጭነት› ያለው ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ።»

እናቷ ዘንቢሉን ወደ ጉልበቷ ሳበችና ማንጠልጠያዎቹን ዳሰሰች። አንዱ ረጅም ነው፣ አንዱ አጭር። ሁለቱም እንደ መኪና ሸራ ማሰሪያ በዘንቢሉ ሥር ዞረው የተሰፉ ናቸው።

«ገበያ ስንሄድ አንዱን ማንጠልጠያ ካልያዝኩ ብለሽ ታለቅሺ ነበር። አንቺ ስትይዢው ወደ አንቺ ያዘነብልና ሽንኩርቱ ይፈሳል። ሰው ይስቅብናል። ረጅሙን ለኔ፣ አጭሩን ላንቺ ብሎ ሰፋው፤ ሁለታችን ስንይዘው እንዲስተካከል። እኔም ‹ልጅቷ ስታድግስ?› አልኩት። ለካ አላሰበበትም። ጭንቅላቱን እያከከ ‹ምን ላድርግ፣ እኔ የለመድኩት ጭነት ነው፤ ጭነት አያድግም› አለኝ።»

ከእናቷ አፍንጫ ትንሽ አየር ወጣ። ሳቅ ለመባል ያንሳል።

«ልብስ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ለእድገት ብሎ ትርፍ ያጥፍ ነበር። ሸራ ሰፊ ትርፍ አያውቅም። ትርፍ ካስቀረ ነፋስ ገብቶ ይቀድበታል።»

«ፈትተን ብናስተካክለውስ?»

«የሱን ስፌት? ያንን መጋዝም አይፈታውም።»

ድንቢጥ ከሹራቧ ድንቹን ወደ ዘንቢሉ ገለበጠች። «ተነሽ እስኪ፣ እንያዘው» አለች። እናቷ እምቢ ትላለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ እናቷ ግን ምናልባት ለመከራከር ደክሟት ተነሳች። እንደ ድሮው ረጅሙን ያዘች፣ ድንቢጥም አጭሩን።

ዘንቢሉ ወደ እናቷ አዘነበለ። ድንቹ ሁሉ ወደዚያ ተንከባለለ፣ አንዱም ወለሉ ላይ ወደቀ። እናቷ ድንቹን አየች፤ ከዚያ ልጇን ከታች ወደ ላይ አየቻት። የእናቷ ጀርባ ጎብጧል። የድንቢጥ ግንባር ከእናቷ አናት በላይ ሆኗል።

«መቼ ነው እንዲህ ያደግሽው?»

‹ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ሳለ› የሚል ቃል የድንቢጥ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። ጎንበስ ብላ የወደቀውን ድንች አነሳች።

«ነገ ዱቄት መግዛት አለብኝ» አለች። «ይሄን ደግሞ ብቻዬን መያዝ አልችልም፣ ያዘነብልብኛል። ሬዲዮ ሌላ ቦርሳ ላምጣልሽ ብላኛለች። የሷን ልያዝ?»

እናቷ ወደ አልጋው ዞር አለች፤ ሸሚዙ ተዘርግቶበታል። ድንቢጥ ተመልሳ የምትተኛ መሰላት። እናቷ ግን ሸሚዙን አንስታ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፋ፣ ከሱሪው ጋር ሣጥኑ ውስጥ አስገባችው። ቁራጯን ቆዳም ከላዩ አስቀመጠች። ተመልሳ መጥታ እጇን ዘረጋች።

«አጭሩን ስጪኝ» አለች። «እስከ ሱቁ ድረስ ብቻ።»