የአጋማ የኳስ ዕድሜ

በስድሳ ሦስተኛው ደቂቃ አጋማ ኳሷን በደረቱ አብርዶ ወደ ጎል ሲዞር ወደቀ። ማንም አልነካውም፤ የሚከታተለው ተከላካይ እንኳ አምስት እርምጃ ይርቀው ነበር። ስታዲየሙን ሞልተን የተቀመጥን፣ የናይጄሪያዋ የቤኒን ከተማ ሰዎች እንደ ልማዳችን ጮኽንበት። «ተነስ አንተ፣ ዛሬ እንኳ አታስመስል» ያለው ማነው ብትሉ አንዱ እኔ ነኝ። አጋማ አሥር ዓመት ሙሉ ሳይነኩት እየወደቀ ፍጹም ቅጣት ምት ሲያሰጠን የኖረ አጥቂ ነው፤ ማን ይመነው? ዳኛውም አላመነውም፤ ቢጫ ካርድ አውጥቶ በላዩ ቆመ። ለሞተ ሰው ካርድ ሲሰጥ ያየሁት ያን ረቡዕ ብቻ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለን።

ኢንስፔክተር ኢቶሃን ስትደርስ አስከሬኑ በክለቡ የሕክምና ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ኢቶሃን አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ስለማትቸኩል ብዙ ሰው ሞኝ ትመስለዋለች፤ እሷ ያሳሰረቻቸው ግን እንደዚያ አይሉም። ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች አገኘች። ሚስቱ ኢቪዬ ጠረጴዛው ግርጌ ተቀምጣ እግሩን ይዛለች። ታናሽ ወንድሙ ኡዪ ግድግዳ ተደግፏል። የክለቡ ወጌሻ ባባ ኢዱሴሪ አንዲት ፎጣ ያጣጥፋሉ፣ መልሰው ይፈታሉ። አጋማን ከሰፈር ሜዳ አንስቶ ለዚህ ያበቃው አሰልጣኝ ኦቪያ ደግሞ ነጭ ሸሚዙ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ይዞ በሩ ሥር ቆሟል።

ማንም ሳይጠይቀው ኡዪ ጣቱን ወደ ኢቪዬ ቀሰረ።

«እሷ ናት ማዳም። በእረፍት ሰዓት ዞቦ አጠጣችው፤ ወጣ፤ ወደቀ። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?»

ዞቦ ከርከዴና ዝንጅብል አፍልተን የምንጠጣው ነው፤ ኢቪዬ ለባሏ ሳትይዝለት የቀረችበት ጨዋታ የለም።

«ለምን ትገድለዋለች?» አለች ኢቶሃን።

«በሁለት ሳምንት ውስጥ ፖርቹጋል ሊሄድ ነበር፤ ለክለብ ፈርሟል። ጥሎኝ ይሄዳል ብላ ነዋ።»

ኢቪዬ ቀና ብላ አየችው። «ኡዪ፣ አንተ ነህ ይህን የምትለኝ?» አለች።

በማግሥቱ የአጋማ ዘመዶች ተሰብስበው ፈረዱ። ቅዳሜ ከቀብሩ በፊት ኢቪዬ የመሐላ አምላክ በሆነችው በአየላላ ፊት ቀርባ ትማል፤ ማለችም አልማለችም፣ የአራት ዓመት ልጇን ይዛ ከቤቱ ትወጣለች። አየላላ ፊት በሐሰት የማለ ሰው ሆዱ ተነፍቶ ነው የሚሞተው፤ ይህን ፖሊሱም ጳጳሱም ያውቀዋል። ግን እውነቱን ምላ ብትመለስስ? ሰው ባሏን በልታለች ብሎ ካወራ በኋላ የትኛው ጎረቤት እሳት ይጭርላታል? ኢቶሃን ይህን አሳምራ ታውቃለች። የቀሯት ሁለት ቀናት ናቸው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው አሰልጣኙን ነው።

«ሸሚዝዎ ላይ የነበረው ቀይ ነገር ምንድን ነው?»

«ዞቦ ነዋ።»

«የማን?»

«የኢቪዬ። ከአጋማ እጅ ነጥቄ ጠጣሁ። ፀሐዩን አላየሽውም እንዴ?»

«ምን ያህል ጠጡ?»

«ግማሹን ጨርሼበታለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

«ምን እሆናለሁ? ይኸው ቆሜያለሁ።»

«ኡዪ ዞቦው ነው ሲል አጠገቡ ነበሩ። ከዚያው ጠጥቻለሁ ለማለት ምን ያዘዎት?»

አሰልጣኙ መሐረብ አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። «ደንግጬ ነው» አለ። እየዋሸ መሆኑን የተቀመጠበት ወንበር ሳይቀር ያውቃል። ኢቶሃን ግን አመስግናው ወጣች።

ባባ ኢዱሴሪ ቤታቸው በረንዳ ላይ ነበሩ። የቅባት ጠርሙሶቻቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ደርድረው ጠበቋት።

«ጉልበቱን መርፌ ወግቼዋለሁ» አሉ ገና ሳትቀመጥ። «የሕመም ማስታገሻ ነው። ከዚያው ብልቃጥ ሌሎች ሦስት ልጆችም ወግቻለሁ፤ ሦስቱም ደህና ናቸው። ውሰጅና አስመርምሪው።»

«ከክለቡ ወስጄ አስመርምሬዋለሁ ባባ፣ ንጹሕ ነው። ሌላስ የሚነግሩኝ የለም?»

ሽማግሌው አንዱን ጠርሙስ አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

«በጥር ልምምድ ላይ ሁለቴ ወድቋል። እንዲህ፣ ማንም ሳይነካው። ውሃ አፈሰስኩበት፣ ነቃ። ‹ባባ፣ ለማንም እንዳትናገር› አለኝ። አልተናገርኩም። ሚስቱ ግን ልብሱን ረጥቦ አይታ አወጣጣችው። እኔ ዝም አልኩ። ልጄን ዝም ብዬ ገደልኩት ማለት ነው?»

«ገና አላውቅም» አለች ኢቶሃን። ልታጽናናቸው ፈልጋ ነበር፤ ውሸት ሆነባትና ተወችው።

ኢቪዬ ጓዳ ውስጥ የልጇን ልብሶች በሻንጣ እያስገባች አገኘቻት።

«ከአሁኑ?»

«እስኪገፈትሩኝ ልጠብቅ? ልጅቷ እንድታይ አልፈልግም።»

«መውደቁን ታውቂ ነበር አሉኝ።»

«አውቅ ነበር። ጫማውን ደብቄበታለሁ፣ ለምኜዋለሁ፣ ተጣልተናል። በመጋቢት ሌጎስ ሄዶ ለፖርቹጋሉ ክለብ ተመረመረ። ወረቀቱ ሲመጣ የሐኪም ቋንቋ ስለሆነ አልገባኝም። ኡዪ እዚች አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አነበበልኝ፤ ‹ልቡ ጤነኛ ነው፤ ምንም እንከን የለበትም›። ሁለቴ አስነበብኩት። ከዚያ በኋላ ጫማውን ራሴ አውጥቼ ሰጠሁት።» የያዘችውን ትንሽ ቀሚስ ጭኗ ላይ አኖረች። «እኔ ነኝ የሰጠሁት፤ ማይ ካሉኝ ይህን ነው የምምለው።»

አርብ ጠዋት አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ።

«መርዝ የለም» አለ። «የልቡ ግድግዳ ከልክ በላይ ወፍሯል። አብሮት የተወለደ ነው፤ ከዕድሜ ጋር እየባሰ የሚሄድ። እንዲህ ያለ ልብ በሩጫ መሃል ድንገት ይቆማል።»

«በመጋቢት ልቡን በመሣሪያ ያየው ሐኪም ሊስተው ይችላል?»

«ይህን? ተማሪ እንኳ አይስተውም።»

ኢቶሃን ከሌጎስ ያስላከችውን የምርመራ ፋይል ዘረጋች። የልቡ ሥዕል አለ፣ ንጹሕ ነው። ሐኪሙ ተደልሎ ይሆን? ቅጠሉን ገለበጠች። አራተኛው ገጽ ላይ ስለ አጥንቶቹ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበበችና ስልኩን መልሳ አነሳች።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ብቻ እዩልኝ። የግራ እጁን አንጓ ራጅ አንሱት» አለች።

ከሰዓት በኋላ የአጋማን ጫማና ማሊያ ይዛ ወደ ኡዪ ሄደች። ኡዪ እንደ ጨዋ ልጅ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ። የቀኝ መዳፉ ወደ ሰማይ ተገለበጠ፤ ግራው ግን ጎኑን እንደሰጠ ቀረ፤ ጫማውን በክንዱ ነው የደገፈው።

«እጅህ ምን ሆኖ ነው?»

«የልጅነት ነው። ከማንጎ ዛፍ ወድቄ ነው።»

«ያማል?»

«ለምጄዋለሁ» አለና ማሊያውን አፍንጫው ላይ አስጠግቶ አለቀሰ። የውሸት ለቅሶ አልነበረም፤ ኢቶሃንን የከበዳትም ይኸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የለቅሶው ድንኳን ሞልቷል። ኢቪዬን አየላላ ዘንድ የምትወስደው መኪና ሞተሯን አስነስታ ቆማለች። ኢቶሃን መሃል ገብታ ሾፌሩን አጥፋው አለችው።

«መማሉን አልቃወምም» አለች ለዘመዶቹ። «ግን በእረፍት ሰዓት አጠገቡ የነበሩት አራቱም ይማሉ። ኡዪ፣ በአንተ እንጀምር። አንድ ቃል ብቻ፤ ‹በወንድሜ ሞት የለሁበትም› በል።»

ኡዪ ተነሣ። ሦስት ቀን ሙሉ ከሁሉ በላይ ሲጮህ የነበረው ሰው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ተቀመጠ።

«እሺ፣ እኔ ልናገር» አለች። «ዞቦው መርዝ የለበትም፤ ግማሹን አሰልጣኝ ኦቪያ ጠጥቶታል። ሴትዮዋ ስትወነጀል ግን ዝም አለ። ለምን ዝም ይላል? የሚሸሽገው ነገር ስላለው ነው። የባባ ኢዱሴሪ መርፌም ንጹሕ ነው። አጋማን የገደለው የገዛ ልቡ ነው፤ ሲወለድ ጀምሮ የታመመ ልብ። ሌጎስ ያለው ፋይል ግን ጤነኛ ልብ ያሳያል። ሐኪሙ ተሳስቷል ብዬ ነበር፤ ቀጥሎም ጉቦ በልቷል አልኩ። ሰውዬውን አማሁት፤ ሐኪሙ ያየውን በትክክል ነው የጻፈው።»

ፋይሉን ከፈተች።

«‹የግራ እጅ አንጓ በልጅነት ተሰብሮ ጠሞ የዳነ፤ ለኳስ ጨዋታ ችግር የለውም› ይላል። ትናንት የአጋማ አንጓ ራጅ ተነሣ። አንድም ቀን ተሰብሮ አያውቅም።»

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ኡዪ ግራ እጅ ሄደ። ኡዪ ሊደብቀው አልሞከረም።

እንግዲህ ሁላችንም የምናውቀውን ማንሳት ግድ ነው። እኛ ዘንድ ኳስ ተጫዋች ሁለት ዕድሜ አለው፤ እናቱ የምታውቀውና የኳስ ዕድሜው። አጋማ በእናቱ ሠላሳ፣ በኳስ ሃያ ሰባት ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው በድንኳኑ ውስጥ አልነበረም፤ ስንቀልድበት ነው የኖርነው። «አጋማ ዘንድሮም ልደቱን አላከበረም» እያልን።

«አሰልጣኝ» አለች ኢቶሃን፣ «ይቀጥሉ።»

አሰልጣኝ ኦቪያ ከወንበሩ አልተነሣም። «ለታዳጊው ብሔራዊ ቡድን ዕድሜ የሚለየው የአጥንት ምርመራ ሲመጣ አጋማ ሃያ ዓመቱ ነበር። አንጓው ያጋልጠው ነበር። ኡዪ አሥራ ስድስት፤ መልካቸው አንድ ነው። የተሰበረው ግራው ስለሆነ ቀኙን እንዲሰጥ ነግሬው በአጋማ ስም ገባ፤ አለፈ። ዘንድሮ የፖርቹጋሉ ሲመጣ ጉልበቱን ፈራሁ። የሠላሳ ዓመት ጉልበት ነው ብለው እንዳይመልሱት ብዬ ኡዪን መልሼ ላክሁት። ጉልበት ነው ያልኩት እኔ። ልብ አላልኩም። ስለመውደቁም ማንም አልነገረኝም፤ እምላለሁ።»

«ሐኪሙ ግን ሁሉንም አየ» አለች ኢቶሃን። «ጉልበት፣ አንጓ፣ ልብ። ኡዪ፣ መውደቁን ታውቅ ነበር?»

«ሌጎስ ስሄድ አላውቅም ነበር።» ድምፁ ከመሬት የሚወጣ ይመስላል። «ስመለስ ኢቪዬ ነገረችኝ። ወረቀቱን አንብብልኝ አለችኝ። ወደ አጋማ ሄድኩ፤ ይህ የኔ ልብ ነው፣ ያንተን አስመርምር አልኩት። ሳቀብኝ። ‹ከአንድ ማሕፀን ወጥተን፣ አንድ ጡት ጠብተን፣ ልብህ ከልቤ በምን ይለያል? ያንተ ጤነኛ ከሆነ የኔም ጤነኛ ነው› አለኝ። ደስ አለኝ። ማመን ፈልጌ ነበር፣ አመንኩት። ከዚያ መጥቼ አነበብኩላት።»

«የራስህን ልብ» አለች ኢቶሃን።

«የራሴን ልብ። ሁለቴ አስነበበችኝ።»

«ሜዳ ላይ ሲወድቅስ?»

«ወዲያው ገባኝ። ሌላው ሁሉ ተነስ እያለ ሲጮህ እኔ እንደማይነሳ አውቄያለሁ። እሷ ካልገደለችው እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ስለዚህ እሷ ናት አልኩ። ደጋግሜ ስለው እውነት ይመስለኝ ነበር።»

እኔም እዚያው ተቀምጬ አንገቴን ደፋሁ። የጮኸው ሁሉ ደፍቷል። ባባ ኢዱሴሪ ድምፅ ሳያሰሙ ያለቅሱ ነበር። የቤተሰቡ ሽማግሌ ወጥተው የመኪናውን ቁልፍ ከሾፌሩ ተቀበሉት፤ ቀጥለው የኢቪዬን ሻንጣ በገዛ እጃቸው ወደ ቤት መልሰው አስገቡት። ይቅርታ አላሉም። በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ይቅርታ የሚለው እንዲህ ዕቃ ተሸክሞ ነው።

«በሐሰተኛ ሰነድ ሁለታችሁንም እከሳለሁ» አለች ኢቶሃን ለአሰልጣኙና ለኡዪ። «ከቀብሩ በኋላ ጣቢያ ትመጣላችሁ። ለቀረው ሕግ የለኝም።»

ኡዪ ተነሥቶ ኢቪዬ እግር ሥር ተንበረከከ።

«እኔን አየላላ ዘንድ ውሰዱኝ» አላት። «ትግደለኝ። አንቺ ብቻ ውሰዱት በይ።»

ኢቪዬ ያን የማይገለበጥ እጁን ይዛ አስነሣችው።

«አትሞትም ኡዪ» አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለው ነበር። «ልብህ ጤነኛ ነው፤ ምንም እንከን የለበትም። ራስህ አይደለህ ያነበብክልኝ? ብዙ ዓመት ትኖራለህ።»

እጁን ለቅቃ ባሏን ልትቀብር ወጣች፤ እኛም ተከተልናት።