ከመስመሩ ራስ ላይ

ኖታ የተማርኩት ሌባ ልይዝ ነው። ፍቅሩ ኋላ የመጣ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሳልጠረጥረው አላስገባሁትም።

እናቴ በሕይወት ሳለች ማሽላ ስትጠብቅ ማማ ላይ ወጥታ የምታንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረቻት። ወፍ ለማባረር ነበር የምትዘፍነው፤ ወፉ ግን እሷን ሊሰማ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር። ካረፈች በኋላ ያቺን ዜማ የማውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ። ዋጃ ከተማ ላይ ያክስቴን ልጅ ስንድር ዝፈኚ ብለው ለመኑኝና ዘፈንኳት። ቀና ስል አንድ ኮት የለበሰ ወጣት የዳሱን ምሰሶ ተደግፎ ይጽፋል።

በእኛ አገር ሠርግ ላይ የሚጽፍ ሰው ግብር ጨማሪ ነው። ሽማግሌዎቹ የከብታቸውን ወሬ ትተው ወዲያው የድርቅ ወሬ ጀመሩ። እኔ ግን ሰውየው ዓይኑን ከአፌ ላይ አለመንቀሉን አይቻለሁ። ዘፈኑን ጨርሼ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ምንድን ነው የሚጽፉት?»

«ዘፈንሽን።»

«ቃሉን?»

«ዜማውን።»

ወረቀቱን አሳየኝ። አምስት ፈር ተስቦ ማሽላ የተበተነበት ይመስላል። ስሙ ደምሴ ነው፤ ደሴ በሙዚቃ ጓድ ሲጫወት ቆይቶ ቆቦ ሊያስተምር መጥቷል። ዜማ እንዲህ ተይዞ ኪስ የሚገባ ከሆነ፣ ነገ አዲስ አበባ ወስዶ የእኔ ነው ቢል ማን ይከራከረዋል? እናቴ የተወችልኝ ያችኑ ዜማ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ አልለቀቀውም።

ማንበብ ያስተማረኝ ሰው የለም። ታላቅ ወንድሜ አያ አራጌ ቆቦ አውራ ጎዳናው ዳር ሱቅ አለው፤ ፊደል የለየሁት ስኳር በምንጠቀልልበት ጋዜጣ ነው። ስለዚህ ደምሴ ሳሙና ሊገዛ ሲመጣ፣ ያንን ጽሕፈት እንዲያስተምረኝ ነገርኩት። ለመንኩት አላልኩም፤ ነገርኩት።

አያ አራጌ በሩ ክፍት እንዲሆን፣ እሱም ከሚዛኑ ሳይነሳ እንዲያየን አድርጎ ፈቀደ። ደምሴ ተማሪዎቹን ሲያሰናብት አኮርዲዮኑን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ይመጣና ባንኮኒው ላይ በጠመኔ አምስት መስመር ያሰምራል። ደንበኛ ሲገባ አያ አራጌ ትምህርቱን በእጅጌው ይጠርገዋል። እንደገና እናሰምራለን።

ዶሬሚው ቶሎ ገባኝ። ያስቸገሩኝ ሻርፕና ፍላት ናቸው። ሻርፕ ሁለት ቋሚ ሁለት አግዳሚ ናት፣ እንደ በረት በር፤ ከድምፁ ፊት ስትቆም በግማሽ ወደ ላይ ታወጣዋለች። ፍላት ሆዷ ነፋ ያለ ትንሽ ምልክት ናት፤ በግማሽ ታወርደዋለች። ሆዷን ስስል ሁልጊዜ ይጣመምብኛል። ደምሴ ጣቴን ሳይነካ ጠመኔውን ብቻ በጫፉ ይዞ ያቃናልኛል።

አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ «ምልክቷ ከመሃል ከመጣች የምትገዛው እስከሚቀጥለው ቋሚ መስመር ብቻ ነው። ከመስመሩ ራስ ላይ ከተቀመጠች ግን ዘፈኑ እስኪያልቅ ትገዛለች።»

«እንደ ሰው ናታ» አልኩት። «አንዱ አድሮ ሂያጅ፣ አንዱ ነዋሪ።»

ሳቀና አየኝ። እኔም ስኳር የምመዝን መሰልኩ፤ ሚዛኑ ግን አያ አራጌ ጋ ነበር።

ልቤ መላላት ሲጀምር የትሬንታ ኳትሮ ጭነት መኪናው ሾፌር ከበደ ሲጋራ ሊገዛ ገባ። መምህሩ ሐሙስ ወደ ደሴ እንደሚሄዱ፣ ጋቢና ቦታ ያዝልኝ እንዳሉት እንደ ዋዛ ተናገረ። ደምሴ ግን አንድ ቀን ቀደም ብሎ አጠገቤ ቆሞ ሲያስተምረኝ ትንፍሽ አላለም። ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ትምህርት ቤቱ ደጅ ስደርስ ልጆቹ የእናቴን ዜማ ይዘፍናሉ። ቆሜ ሰማሁ። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግበት ቦታ አለ፤ መጀመሪያ ሲደርሱበት ዝቅ አሉ፣ ተመልሰው ሲመጡበት ግን ቀጥ ብለው አለፉት። በመስኮቱ ሰሌዳውን አየሁ። አንዲት ፍላት፣ ከመሃል፣ ከአንድ ድምፅ ፊት ብቻ።

ገባሁ። አንቱታውን እደጅ ትቼው ነበር።

«ጠመኔውን ስጠኝ።»

ሰጠኝ። የመሃሏን ፍላት በመዳፌ አጠፋሁና ከየመስመሩ ራስ ላይ ጻፍኳት። አንዷም አልጠመመችብኝ።

«አምልጦኝ ዝቅ ያልኩ መስሎህ ነው? እናቴ እዚህ በደረሰች ቁጥር ዝቅ ትላለች። አዘፍናቸው።»

አኮርዲዮኑን ከፈተ፤ ልጆቹ ዘፈኑ። ማማው ላይ ያለችው እናቴ መጣች። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ።

ልጆቹን አስወጣና መሳሳቱን አመነ። እኔ ግን ለሱ አልነበረም የመጣሁት።

«ሐሙስ የት ነው የምትሄደው?»

«ልነግርሽ አልችልም።»

«ለሾፌር ተነግሮ ለእኔ የማይነገር?»

«ላንቺ ነው እንጂ የማይነገረው።» ግንባሩን አላበው። «እዚህ ዘመድ የለኝም። አጎቴ ያለው ደሴ ነው። አራጌ ፊት ብቻዬን ልቁም?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሽማግሌ ሊያመጣ ነው፤ ሽማግሌ ሳይናገር ለልጅቱ መናገር ደግሞ ነውር ነው። ልቤ ዘለለ። አፌ ግን አልተከተለውም።

«ሄዶ የሚቀርም ሰው ይኸንኑ ነው የሚለው» አልኩት። «አኮርዲዮኑን ትተህ ሂድ።»

«መያዣ?»

«መያዣ።»

ትንሽ አየኝና ማንገቻውን ከትከሻው አወረደ።

ሐሙስ ሄደ። አኮርዲዮኑ ከስኳሩ ጆንያ አጠገብ ተቀመጠ፤ አያ አራጌ ሲጠይቀኝ የአደራ ዕቃ ነው አልኩት። በመጣው መኪና ሁሉ አንገቴን አሰገግኩ። አልመጣም። አኮርዲዮን ያለው ሰው ሌላ አኮርዲዮን አይገዛም ያለው ማነው እያልኩ ራሴን ስበላ ሰነበትኩ። አንድ ሁለቴ ከፍቼ የፍላቷን ጥቁር ቁልፍ ነካሁት፤ የእናቴን ድምፅ ሲያወጣ መልሼ ዘጋሁት።

በገበያው ቀን የከበደ መኪና ሱቃችን ፊት ቆመ። ሁለት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች አቧራቸውን እያራገፉ ወረዱ፤ ደምሴ ከኋላቸው። አያ አራጌ ተቀመጡ ቢላቸው፣ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እሱም ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንች ትርንጎ፣ ጓዳ ግቢ» አለኝ። ገባሁ። መጋረጃውን ግን ሙሉ አልዘጋሁትም።

ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ ደምሴ ባንኮኒውን ተጠግቶ ጠመኔ አነሳ። አምስት መስመር አሰመረ። አንድም ድምፅ አልጻፈም፤ ከመስመሩ ራስ ላይ አንዲት ፍላት አስቀምጦ ጠመኔውን አኖረ።

አያ አራጌ ከሚዛኑ ሆኖ ትምህርቱን ሁሉ ሲሰማ ከርሟል፤ ምልክቷን ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ሽማግሌዎቹን በድጋሚ ተቀመጡ አላቸው፤ ተቀመጡ። ገበያተኛ ገብቶ ስኳር ሲጠይቀውም ባንኮኒውን በእጅጌው አልጠረገም። ሚዛኑን ወደ ጎን አድርጎ መዘነለት።

አኮርዲዮኑን ግን እስከ ሠርጉ ቀን አልመለስኩለትም።