ለባለቤትሽ ነግሬዋለሁ

ረውዳ ስለ ልጇ የሰማችው ሰው ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው።

ካዛንቺስ ወዳለው ክሊኒክ ደውላ የሚቀጥለው ቀጠሮዋ መቼ እንደሆነ ብትጠይቅ፣ እንግዳ ተቀባይዋ መዝገቡን አየችና የኤም አር አይ ውጤት ይዛችሁ እንድትመጡ ተጽፏል አለቻት። ረውዳ እንዲህ ያለ ነገር መታዘዙን አታውቅም። የጀመረችውን መጋረጃ የስፌት መኪናው ላይ እንዳለ ጥላ፣ የሰባት ወር ሆዷን ይዛ ከምትሰፋበት ከወሎ ሰፈር ታክሲ ተሳፈረች።

አልትራሳውንድ ያነሳት ዶክተር ሃይለአብ ነበር። ስለ ኤም አር አዩ ስትጠይቀው ደነገጠ። ለባለቤቷ ሁሉንም እንዳስረዳው፣ ቀስ ብሎ እንዲነግራትም አደራ እንዳለው እየተንተባተበ ነገራት።

«ሆዱ የማን ነው፣ ዶክተር?» አለችው። «እዚያ አልጋ ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ። እሱን ኮሪደር ላይ ጠርተው ሲነግሩት እኔ ጄሉን ከሆዴ ላይ እየጠረግኩ ነበር።»

ሐኪሙ ይቅርታ ጠይቆ ምስሉን ከፈተላት። በልጅቷ አንጎል ውስጥ እብጠት ይታያል፤ ዕጢ ሳይሆን አይቀርም። በጭንቅላቷም ውሃ እየተጠራቀመ ነው። ለማረጋገጥ ኤም አር አይ ያስፈልጋል። ዕጢ ከሆነ ብዙዎቹ ሕፃናት ከተወለዱ በኋላ አይቆዩም፤ ጭንቅላቷ በፍጥነት ስለሚያድግም አወላለዱ ጊዜ ሳያልፍ መወሰን አለበት። ይህን ሁሉ ለባሏ ለሙስዐብ ከነገረው አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል።

ስትወጣ አላለቀሰችም። ንዴቱ ለእንባ ቦታ አልተወለትም። ታክሲ መጠበቅ አቅቷት በእግሯ ወደ ቤቷ ወደ ቂርቆስ ወረደች።

ከሙስዐብ ጋር የተዋወቁት ለገሃር የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ቀሚሷ ከኋላ ተተርትሮ ኖሮ ሰልፈኛው ሁሉ እያየ ዝም ሲል፣ «እህት፣ ቀሚስሽ ተተርትሯል፤ ጃኬቴን እሰሪበት» ያላት እሱ ብቻ ነበር። ሥራው ቄራ የሥጋ ቤቶችን ማቀዝቀዣ መጠገን ነው። ሞተሩ ካለቀለት አለቀለት ይላል፤ ደንበኛ እንዳይቀየመው ብሎ አያባብልም። እናቷ ቡዜ ለጠጋኝ አልድርሽም ብለው ስድስት ወር ሲያኮርፉ፣ ረውዳ የምትመልሰው አንድ ነገር ነበር፤ እሱ አይዋሸኝም።

አሁን መንገዱን እየሄደች ሁሉም ነገር ይገለጥላት ጀመር። የሕፃን ልብስ ስታሳያቸው አማቷ እትዬ ሎሚ ወሬ የሚቀይሩት፣ የባሏ እህት አፍራህ አልጋ አብረን እንግዛ ስትላት ሥራ በዛብኝ የምትለው ለዚህ ነበር። እሷ ደግሞ ልጄን ገና ሳትወለድ ጠሏት ብላ ተቀይማ ነበር። ለካ ሊያረዷት ተመካክረዋል፤ ቀንና ሰዓት እየቆረጡ፣ ወሬው ወደ ጎረቤት እንዳያፈተልክ እየተጠነቀቁ። መርዶ ግን ለሞተ ሰው ነው። የሷ ልጅ ገና በሕይወት አለች።

ሙስዐብ ከቤት አልወጣም ነበር። ፊቷን ሲያይ ገባው።

«ስንት ሰው ያውቃል?» አለችው።

«ረውዳ፣ በቃ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«ስንት ሰው?»

«እማዬ። አፍራህ። እናትሽም። ማለቴ፣ እንዴት እንደምንነግርሽ ነው የተማከርነው።»

«አሥራ ሁለት ቀን አንተ ለልጅህ አዘንክ። እኔ አሥራ ሁለት ቀን ካልሲ ስመርጥላት ነበር። ቢጫ ይሻላል ወይስ ነጭ ብዬ ስጠይቅህ ነጭ ይሻላል አልከኝ።»

ጠዋት ጠዋት ዛሬ እነግራታለሁ ብሎ እንደሚነሳ፣ ስትስቅ ሲያያት ግን ለነገ እንደሚያሳድረው ነገራት። «ዶክተሩ ቀስ ብለህ አለኝ። ወላሂ፣ ቀስ የሚባልበትን መንገድ አጣሁት።»

ልቧ ሊራራለት ዳዳው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ልብሱን በፌስታል አድርጋ ሰጠችውና ወደ እናቱ እንዲሄድ ነገረችው።

ሦስት ቀን ስልኩን አላነሳችም። በአራተኛው ቀን ኤም አር አይ ልትነሳ ሆስፒታል ስትሄድ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። እንዳይገባ ከለከለችው። አልተከራከረም፤ ከአጥሩ ውጭ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

ማሽኑ ውስጥ ብረት እንደሚቀጠቀጥበት ቤት ይጮኻል። ረውዳ ዓይኗን ጨፍና ሆዷን ማቀፍ ፈለገች፤ እጅሽን አታንቀሳቅሺ ተባለች። ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ ሐኪም ውጤቱን ቃል በቃል ለራሷ አነበበላት። ዕጢ ነው። ትልቅ ነው። ከአራት ሳምንት በኋላ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች። ልጅቷ ሰዓታት ትቆይ፣ ቀናት ትቆይ ማንም አያውቅም። ረውዳ ያኔ አለቀሰች፤ ስትጨርስ ፊቷን ታጥባ ወጣች።

ሙስዐብ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

ወሬው አሁን በእሷ እጅ ነው። ብትፈልግ ልታስጠብቀው ትችላለች፤ አንድ ቀን፣ አሥራ ሁለት ቀን። ይገባዋል ብላ አሰበች። ከዚያ ጃኬቱን ገልብጦ እንደለበሰው አየች፤ ሳያውቀው ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሆኖ ተቀምጧል።

«ቁጭ በል» አለችው፤ አጠገቡም ተቀመጠች። «አንድም ሳላስቀር እነግርሃለሁ።»

ነገረችው። ታክሲዎች ያልፋሉ፣ ሰው ያልፋል፤ ሙስዐብ ፊቱን ሳይሸፍን አለቀሰ። ልጅቷን ያማታል ወይ ብሎ ጠየቃት። ጠይቄያለሁ፣ እንዳያማት ያደርጋሉ አለችው።

«ይቅር አላልኩህም» አለች ቆይታ።

«አውቃለሁ።»

«ገና እናደድብሃለሁ። ስናደድብህ ግን አጠገቤ ሁን።»

«እሺ» አለ።

«ደንቡ በሰባተኛው ቀን ነው ስም የሚወጣው። እኛ ሰባት ቀን ላይኖረን ይችላል። አሁን እናውጣላት።»

ሙስዐብ እንባውን በክንዱ ጠርጎ ብዙ አሰበ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ስም ጠራ።

ረውዳ አልወደደችውም፤ አልወደድኩትም አለችው። ሌላ ጠራ።