ወንፊቱን የደፈነው ቅቤ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ «ገናሌ» የምትባለው የጠፈር መርከብ ላይ የትናንት ሽንትሽን ዛሬ ትጠጪዋለሽ፤ ማንም አያፍርም። ሽንቱም የፀጉር እጣቢውም ሜምብሬን በሚባል፣ ከሽንኩርት ልጣጭ በሳሳ የፕላስቲክ ወንፊት አልፎ ኩልል ያለ ውሃ ይሆናል። ወንፊቱን የሚጠብቁት ጓደኛሞቹ ሶስናና ወይንሸት ናቸው። አየሩ ግን የሚበቃው ነቅቶ ለሚሰራ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ አንዷ ስትሰራ ሌላዋ መርፌ ተወግታ ወር ሙሉ ትተኛለች። ከምድር ከተነሱ አይን ለአይን ተያይተው አያውቁም፤ የሚያወሩት በድምፅ መልእክት ነው።

ሶስና ሲከፋት የተኛችው ወይንሸት አጠገብ ቁጭ ብላ ራቷን ትበላለች። «ዛሬም ምስር ነው፣ አትቅኚ» ትላታለች።

አንድ ቀን ውሃው ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ወንፊቱን ፈታ ስታየው ቢጫ ነገር ደፍኖታል። አሸተተችው። ቅቤ! የፀጉር ቅቤ! መርከቧ ላይ እኮ ቅባት ክልክል ነው። ወይንሸት ደብቃ አምጥታ በተራዋ ስትቀባ ከርማለች።

«አንቺ ጉደኛ!» ብላ ሳቀች። ከዛ ሳቋ ጠፋ። ህጉ ውሃ ያበላሸ ሰው እስከ መድረሻው አይቀሰቀስም ይላል። ለምድር ካመለከተች የቀረውን አምስት ዓመት መንገድ ብቻዋን ልትቀር ነው። ዝም ካለች ደግሞ ውሃው ይቆማል።

በሳሙና አጠበችው። ታንከሩ ውስጥ የቀረው ቅባት ተመልሶ ተለጠፈ፤ ፕላስቲክ ቅባት ይወዳላ! ስለዚህ የፕላስቲኩን ባህሪ ልትቀይረው ተነሳች። ኬሚካል ውስጥ ነክራ፣ ላዩ ላይ ውሃ የሚወዱ ደቃቅ ፀጉሮች ልታበቅልበት። እነሱ ውሃ ጠጥተው ሲያብጡ ቅባቱ የሚይዘው አጥቶ ይንሸራተታል። የመጀመሪያው ወንፊት እጇ ላይ ተበጣጠሰ። የቀራት መለዋወጫ አንድ ነው። ኬሚካሉን አቅጥና ነከረችው።

ውሃው ተንዠቀዠቀ፤ እንደውም ከድሮው በላይ!

ተራዋ ሲያልቅ መልእክት ተወች፦ «ቅቤሽን ወንፊቱ ላይ አገኘሁት፣ ሌባ! አስተካክዬዋለሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ግን ለራስሽ ብቻ? የኔ ፀጉር እኮ ሳር ሆኗል።» መርፌውን ተወጋች።

ስትነቃ አንገቷ ላይ የሆነ ነገር ይወርዳል። ራሷን ዳበሰች። ፀጉሯ ቅቤ ጠጥቶ ሹሩባ ተሰርቷል። ምንም እንዳይጣበቅበት አርጋ ወንፊቱን የሰራችው ልጅ፣ የሚወርደውን ቅቤ አልጠረገችውም።

ወይንሸት አጠገቧ ተኝታለች። የሷ ሹሩባ ከፊት ብቻ ነው የተሰራው፤ ከኋላ እንደተንጨባረረ ነው። ሶስና የመልእክቱን ቁልፍ ተጫነች። መልሱን ቃል በቃል ልንገርሽ፦

«ከኋላ እጄ አልደርስ አለኝ፤ በተራሽ ጨርሺልኝ።»