ያላየችው ስንብት

ሮዳስ ቻናሉን መልሳ ስትቀይር የህንድ ክሪኬት ቡድን ካፒቴን ሜዳው ላይ አልነበረም።

በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ቆሞ ይመታል። ድንግጥ አለች። ወደ ተከታታይ ድራማው የዞረችው ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነበር። ክሪኬት ቀኑን ሙሉ የሚጎተት ጨዋታ ነው፤ በአሥር ደቂቃ ምን ይፈጠራል ብላ ነበር። በክሪኬት ደግሞ አንዴ የወጣ መቺ ተመልሶ አይገባም። የትልቁ ሰውዬ የመጨረሻ የዓለም ዋንጫ አለቀ፤ እሷ አላየችም።

ጭኗ ላይ የዶክተር ሙራሊ ደብተር ተዘርግቷል። ዶክተሩ እነሮዳስ ግቢ ውስጥ ያለውን ሰርቪስ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ህንዳዊ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። ስድስት ዓመት ሆሳዕና ኖረው አማርኛውን ለምደውታል፤ ለሮዳስም ክሪኬትን አስተምረዋታል። ዛሬ ግን ፈተና ለመቆጣጠር ተመደቡ።

«አንቺ እዪልኝ» ብለዋት ነበር ጠዋት። «ሲወጣ ምን እንዳደረገ ጻፊ። ማንም እንዳይነግረኝ ስልኬን እዘጋለሁ። ካንቺ ነው የምሰማው።»

አላየሁም ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ነው። ሮዳስ ግን እንዴት እንደወጣ ከስክሪኑ ግርጌ አነበበች፤ የቀረውን ከራሷ ጨመረች። «ኳሷን ከፍ አድርጎ መታት፤ ተያዘችበት። ሲወጣ ቆመ። መምቻውን ወደ ሕዝቡ አነሳ። ሕዝቡ በሙሉ ተነሳለት።»

ዶክተሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ገቡ። በቆሙበት አነበቡ።

«መምቻውን አነሳ?»

«አዎ።»

«ወደየት ዞሮ?»

ይህን አላሰበችበትም። «ወደ... ሁሉም ጋ። ቀስ ብሎ ዞረ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። የሮዳስ እናት ብርቅዬ ከጓዳ ብቅ አለች። «ምነው ዶክተር፣ ሰው ሞተብዎት እንዴ?»

«አልሞተም፣ እትዬ ብርቅዬ። አረጀ እንጂ።» ሳቁ። ከዚያ ገጹን በጥንቃቄ ቀደዱት። «ቪዲዮውን አላየውም፤ አልችልም። አንቺ አይተሽልኛል፣ በቃ። ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ለአባቴ ደውዬ አነብለታለሁ። ክሪኬትን ያሳየኝ እሱ ነው፤ አሁን ዓይኑ ጠፍቷል።»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የፈጠረችው ካፒቴን ተከተላት። ሳህን ስታጥብ መስኮቱ ጋ ቆሞ መምቻውን ያነሳል። በማግስቱ እሁድ ጠዋት በጉም ውስጥ ወደ ሱቅ ስትሄድ፣ ከመናኸሪያው «ዱራሜ! ዱራሜ! የቀረ!» ሲባል፣ ከተሳፋሪው መሃል ቀስ ብሎ ይዞርባታል። ፊት የለውም። ፊቱን አላየችውማ፤ ከየት ታምጣለት?

የክፍል ጓደኛዋ ሳባ ቤት ሄዳ ሁሉንም ነገረቻት።

«ለህንድ ኳስ ነው እንዲህ የገረጣሽው?» አለች ሳባ፤ ግን ስልኳን አውጥታ ቪዲዮውን ፈለገችላት።

ካፒቴኑ መምቻውን አላነሳም። ብብቱ ስር ሸጉጦት፣ ጓንቱን በጥርሱ እየጎተተ፣ አንገቱን ደፍቶ በፍጥነት ወጣ። ስታዲየሙ ጭጭ ብሏል። መውጫው ጋ ሲደርስ ደረጃው አደናቀፈው፤ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚያ ጠፋ።

«ይሄው ነው?» አለች ሳባ። «ያንቺኛው ይሻላል እኮ! አታካብጂው አቦ። ሰውዬውን ደስ አሰኝተሻል፤ ማን ያውቅብሻል?»

ሮዳስ ቪዲዮውን እንደገና ከፈተችው። ሰውየው አሁን ፊት ነበረው፦ ላብ የወረደበት፣ የደከመ፣ ትንሽም የተናደደ ፊት። በቀስታ የሚዞረው ያ ሌላኛው ግን ሳባ ትከሻ ላይ እንደቆመ ነው። አልሄደም።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ለስምንት አምስት ጉዳይ። ወዴት ነው?»

እየሮጠች ወጣች።

የዶክተሩ በር ገርበብ ብሏል። ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ቴርሞሱን ተደግፎ ቆሟል፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ነጭ ፂም ያላቸው ሽማግሌ ጆሯቸውን አስጠግተው ይጠብቃሉ። ዶክተሩ ገጹን ይዘዋል።

«በጥሩ ሰዓት መጣሽ! ልጀምር ነው።» ወንበር ሳቡላት። «ነይ፣ ተቀመጪ።»

ሮዳስ በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«አልቀመጥም» አለች። «ገጹን አያንብቡት። ቆሜ ልንገርዎት።»