ቀጥ ብሎ የተሰቀለው ሥዕል

ሟቿ ሳሎኗ ውስጥ ከመሰላሉ ሥር በጀርባዋ ተንጋላለች። መዶሻው ከቀኝ እጇ አጠገብ ወድቋል፤ ከመሰላሉ እግሮች አንዱ ተሰብሯል። ከበላይዋ ግድግዳው ላይ የራሷ ምስል ተሰቅሏል። ሥዕሉ ውስጥ ያለችው ሴት ፈገግ ብላለች። መሬት ላይ ያለችው አላለችም፤ በሕይወት ሳለችም ያለ ምክንያት ፈገግ የምትል ሰው አልነበረችም።

«ምስኪን እህቴ» አለ ታናሽ ወንድሟ። «በዚህ ዕድሜዋ መሰላል ላይ መንጠልጠል ምን የሚሉት ነው?»

መርማሪዋ ወደ ሥዕሉ ቀረበች። ባልደረቦቿ «ምስጧ» ይሏታል፤ ድምፅ ሳታሰማ ውስጥ ውስጡን ስለምትበላ። ሥዕሉን እያየች አንገቷን ወደ ግራ ዘመም አደረገች፤ መልሳ ወደ ቀኝ። የሆነ ነገር ዓይኗን ቆርቁሯታል።

ሟቿ የቤት ውስጥ ዲዛይነር ነበረች። የባለጠጎችን ቤት አስውባ ያገኘችውን ሁሉ ለሠዓልያን ሸራና ቀለም አፍስሳለች። መሥሪያ ቦታ ያጣ ሠዓሊ በሯን አንኳኩቶ ይገባል። የማይረባ ሥዕል ካመጣ «አይረባም» ትለዋለች፤ ከዚያ ምሳ ታበላዋለች። ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ አያውቅም።

«ጥፋቱ የረዳቷ ነው» አለ ወንድምየው። ሕንፃ ተቋራጭ ነው። «የመሰላሉ እግር መላላቱን እያወቀች አቁማላታለች። በሕግ ልትጠየቅ ይገባል።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ሥራ ላይ። ሲጠሩኝ ነው የመጣሁት። እዚህ ቤት ከገባሁ ወራት ሆኖኛል። ሥዕል አይገባኝም፤ የእኔ ነገር ብረትና ሲሚንቶ ነው።»

ረዳቷ ጓዳ ውስጥ ቆማለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«ያስሩኛል?»

«እንደ መልስሽ ነው። መሰላሉን ማን አስገባው?»

«እኔ። ሳሎኑን ስንቀባ ነበር፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። የመሰላሉ እግር ግን ደህና ነበር። በራሴ ክብደት ስወጣበት ነው የሰነበትኩት።»

«ያ ሥዕል ለምን ጠመመ?»

ረዳቷ በበሩ አሻግራ አየች። እስካሁን አስከሬኑን እንጂ ግድግዳውን አላየችም ነበር።

«እትዬ አልሰቀለችውም» አለች ቀስ ብላ።

«በምን አወቅሽ?»

«ቤቱ አሮጌ ነው፤ ኮርኒሱ ወደ መስኮቱ ያዘነብላል። እትዬ ሥዕል የምታስተካክለው ከኮርኒሱ ጋር፣ በዓይኗ ነው። ውሃ ልክ ይዤ ካገኘችኝ እጄን ትመታኝ ነበር። ‹ቤቱ ካዘነበለ አብረሽው አዘንብዪ፤ አለዚያ ሥዕሉ የሰከረ ይመስላል› ትላለች።»

መርማሪዋ ውሃ ልክ አስመጣች። የሳሎኑን ሥዕሎች አንድ በአንድ ለካች። ለዓይን ቀጥ ያሉት ሁሉ ሲለኩ ያዘነበሉ ሆኑ። የሟቿ ምስል ላይ ስታኖረው ግን የመለኪያው የአየር አረፋ መሐል ላይ ቀጥ አለች።

ምስሉን የሣለው፣ በጠጉሩ ምክንያት «ጎፈሬው» የሚባለው፣ ደጁ ላይ ተቀምጧል።

«ትናንት ተጣልታችኋል ይባላል።»

«መቼ ተስማምተን እናውቃለን? ‹ደግ አስመስለኸኛል፤ ፈገግታውን አንሣልኝ› አለችኝ። አላነሣም አልኩ። አዞረችው።»

«አዞረችው ማለት?»

«ፊቱን ወደ ግድግዳ። እዚህ ቤት የዞረ ሥዕል የወደቀ ሥዕል ነው፤ እስኪስተካከል አይሰቀልም። ማን ያልዞረበት አለ?»

ከቀብሩ ማግስት ሟቿን የሚያስቡ ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ወንድምየው ተነሣ።

«እህቴ ለስላሳ ነበረች። የዋህ፤ ክፉ ቃል ካፏ የማይወጣ...»

«ስለ ማን ነው የሚያወራው?» አለ ጎፈሬው ረዳቷን፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ።

«...ይህ ቤት እርጅና ተጫጭኖታል። አፍርሰን በስሟ ሕንፃ እናቆማለን። ዘላለም ትታወሳለች።»

«ይቅርታ» አለች መርማሪዋ ከጥግ። «ያ ሥዕል ጠሟል። አንቺ፣ እስቲ አቃኚው።»

ረዳቷ ሄዳ የፍሬሙን ጥግ ያዘች።

«ተይው» አለ ወንድምየው፤ የባለሙያ ቁጣ ቀደመው። «ምኑ ነው የጠመመው? ተለክቶ የተሰቀለ ነው።»

«ማን ለካው?»

ወንድምየው ወደ በሩ ዞር አለ።

«እንግዲህ እኔ ልናገር» አለች መርማሪዋ። «ይህ ሥዕል የወደቀ ነው፤ ሟቿ አትሰቅለውም። የሰቀለው ሰው የዞረ ሥዕል ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። ረዳቷ ታውቃለች፤ ሠዓሊውም ያውቃል። ሁለተኛ፣ የተሰቀለው በውሃ ልክ ነው። ቤቱን የለመደ ዓይን ያንን አይችለውም፤ ለዓመታት ሲለካ የኖረ እጅ ግን ሌላ መንገድ አያውቅም። ሦስተኛ፣ ትናንት መኪናዎን ፈትሸናል። የውሃ ልክዎ ጠርዝ ላይ የዚህ ግድግዳ አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቋል። ሟቿ በእጇ የበጠበጠችው ነው፤ ሌላ ቤት ውስጥ አይገኝም። ሲጠሩ የመጡት ደግሞ ባዶ እጅዎን ነበር። ለወራት ካልገቡ ቀለሙ ከየት መጣ?»

መርማሪዋ ሳሎኑ መሐል ወዳለው ጠረጴዛ አመለከተች።

«የሞተችው ከመሰላል ወድቃ ሳይሆን ከዚህ ጋር ተጋጭታ ነው። የእብነ በረዱን ጠረጴዛ ጠርዝ አጥበዋል፤ ከመጋጠሚያው ሥር ያለውን ደም ግን አላዩትም።»

ወንድምየው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «‹ቤቱን ማፍረስ ካማረህ መጀመሪያ እኔን አፍርስ› አለችኝ። አንዴ ነው የገፋኋት። አንዴ ብቻ።»

«ከዚያ መሰላል ሰበሩ፤ ሚስማር መቱ፤ ይህችን ልጅ ሊያሳስሩ ተነሡ። ይቁጠሩት፤ አንዴ ብቻ ነው?»

ሲወስዱት ጎፈሬው በዓይኑ ሸኘውና ወደ መርማሪዋ ዞረ። «ቤቱስ?»

«የገደለ አይወርስም። ሕጉ ይህን ያህል ዓይን አለው።»

ረዳቷ አሁንም ግድግዳው ሥር ናት። ሥዕሉን አወረደችው። የተሰበሰበው ሰው አቃንታ ትሰቅለዋለች ብሎ ጠበቀ፤ እሷ ግን መሬት ላይ አኖረችውና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው።

«ምነው ልጄ» አሉ አንዲት እንግዳ። «የሟች ምስል እኮ ነው።»

«እትዬ አልወደደችውም። ስለሞተች እሰቅለዋለሁ?»

ሁሉም ጎፈሬውን አዩት። ጠጉሩን አከከ፤ መጥቶ ሥዕሉን በብብቱ ያዘ።

«ልክ ነች» አለ። «ነገ ቀለም ይዤ እመጣለሁ። ፈገግታውን አጠፋዋለሁ።»

«ቅንድቧንም» አለች ረዳቷ፣ መሰላሉን እያወጣች። «ቋጠር አድርግላት።»